ወንድሜን የሚያጠግበው ወተት እኔን ለምን ያመኛል?

በዚህ ወር ስለ ወተት አራት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። አራቱም ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ናቸው፤ ጊዜው ከፋሲካ ማግስት በመሆኑም አልገረመኝም። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ፤ የቀሩት ከእሱ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ አጠር ይላሉ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህርታችን። ምናልባት አያስታውሱኝም፤ ደብረ ብርሃን ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተማሩኝ የሞላሌ ልጅ ነኝ። አሁን 38 ዓመቴ ነው፤ የጭነት መኪና አሽከረክራለሁ። እናቴ ቤት በደረስኩ ቁጥር ገና ከጥገቷ የታለበውን ወተት በዋንጫ ሞልታ ትሰጠኛለች። እምቢ ማለት አልችልም። ጠጥቼ እነሣለሁ፤ መዘዞ ሳልደርስ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮሃል፤ ከዚያ መኪናዬን ጥግ አስይዤ ወደ ሜዳ እሮጣለሁ። ታናሽ ወንድሜ ግን ከዚያው ወተት ሁለት ዋንጫ ጠጥቶ እርሻው ላይ ይውላል። እኔም እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ድረስ እንደ እሱ ነበርኩ። እናቴ «ከተማ አበላሸህ» ትላለች፤ አንዳንዴም ታዝንብኛለች። አባቴ በሕይወት ሳሉ ወተት ሲጠጡ አይቻቸው አላውቅም፤ አሬራ ግን ይወዱ ነበር። እርስዎ ክፍል ውስጥ «ያልሠራ አካል ይደክማል» ብለው ያስተማሩን ትዝ ይለኛል። እኔም ለትምህርት ደብረ ብርሃን ስመጣ ወተት መጠጣት ተውኩ። በዚያ ምክንያት ይሆን የጠፋብኝ? አሁን ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ወተት ስትጠጣ «ሆዴን» ማለት ጀምራለች። በሽታ ነው? ይወረሳል? ለእናቴስ ምን ልበላት?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ዕዳዬን ልክፈል። «ያልሠራ አካል ይደክማል» ያልኩህ ለጡንቻ ልክ ነው። ወተትን ለሚፈጨው ኢንዛይም ግን ልክ አይደለም። እሱ ወተት በመተው አይጠፋም፤ ወተት በመጠጣትም አይመለስም። ያኔ ሁለቱን ሳልለይ ተናግሬ ከሆነ ይኸው ዛሬ አርሜዋለሁ፤ የምታገኛቸው የክፍል ጓደኞችህ ካሉም ንገርልኝ።

እኔ ያደግኩት ጫጫ ነው። እናቴ ሦስት ጥገቶች ነበሯት። ሳይነጋ ተነሥታ የወይራ ፍልጥ ታቀጣጥልና ነበልባሉ ሲጠፋ የማለቢያውን ቅል ጭሱ ላይ ትደፋዋለች። የቅሉ ውስጥ ከመታጠን ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር። ከዚያ ጥጃውን ለቅቃ ጥቂት ካስጠባች በኋላ ትነጥለውና ታልባለች፤ አረፋው ከቅሉ አፍ በላይ ይነሣል። ያንን ወተት ለአምስታችን በየተራ ትቀዳልን ነበር። ታላቅ እህቴ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ኩባያዋን ይዛ ወደ ጓሮ መሄድ አመጣች። አንድ ቀን ወተቷን ለጥጃው ስታጠጣ ተያዘች። እናቴ ጥጋብ መስሏት ገረፈቻት። እህቴ እያለቀሰች «ሆዴን ይቆርጠኛል» ትል ነበር፤ ያመናት ሰው ግን አልነበረም። እኔም አጠገቧ ቆሜ አላመንኳትም። ይህን ጥያቄ በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ የማልችለው ለዚህ ነው።

የወተት ስኳር ላክቶስ ይባላል። ግሉኮስና ጋላክቶስ የተባሉ ሁለት ትንንሽ ስኳሮች ተጣምረው የሠሩት ነው። አንጀት ጥንዱን እንዳለ ወደ ደም አያሳልፍም፤ መጀመሪያ መነጠል አለባቸው። የሚነጥላቸው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ የሚገኘው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ሩብ ሊትር የላም ወተት 12 ግራም ያህል ላክቶስ ይይዛል፤ የእናትህ ዋንጫ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ከሆነ የዚያን እጥፍ በአንድ ጊዜ ትጠጣለህ ማለት ነው። ላክቴዝ ያነሰው ሰው የጠጣው ስኳር ሳይነጠል ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። ስኳሩ ውኃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ተቅማጡ ከዚያ ይመጣል። በትልቁ አንጀት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ስኳሩን እንደ ጠላ ጥንስስ ያብላሉታል፤ ሃይድሮጅንና ሌሎች ጋዞች ይወጣሉ፤ መነፋቱና መጮሁም ይከተላል። ሃይድሮጅኑ በደም ተጉዞ ሳንባ ይደርስና በትንፋሽ ይወጣል። ስለዚህ ሐኪሞች ሰውየውን ላክቶስ አጠጥተው ትንፋሹን በመለካት ነገሩን ማረጋገጥ ይችላሉ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከጠጡ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። መዘዞ ሳትደርስ የሚይዝህም በዚህ ስሌት ነው።

በሽታ ነው ወይ ብለሃል። አይደለም። የጓሳ ጭላዳም፣ የመንዝ በግም፣ የእናትህ ጥጃም፣ አጥቢ እንስሳ ሁሉ ማለት ይቻላል ጡት ከጣለ በኋላ ላክቴዙ ይቀንሳል። የሰው ልጅም የጥንት ተፈጥሮው ይኸው ነው፤ ዛሬም ከዓለም አዋቂ ሕዝብ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው እንደ አንተ ነው። ከሁለታችሁ ለየት ያለው ወንድምህ ነው።

አሁን ወደ ዘሩ እንምጣ። ዘር በሕዋሳችን ውስጥ ክሮሞሶም በሚባሉ ክሮች ላይ በአራት የኬሚካል ፊደሎች (ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ) የተጻፈ ጽሑፍ ነው ብለህ አስበው፤ ጽሑፉ ዲኤንኤ ይባላል። ላክቴዝን የሚያሠራው ዘረመል በሁለተኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። አንተም ወንድምህም ሙሉውን ይዛችሁታል፤ ባይኖርህ ኖሮ የእናትህም ጡት ባልተስማማህ ነበር። ልዩነታችሁ ያለው ከዚህ ዘረመል ወደ 14,000 ፊደል ያህል ርቃ በምትገኝ ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ቦታዋ ኤምሲኤም6 በሚባል ሌላ ዘረመል ውስጥ ተሰክታ ትገኛለች፤ ሥራዋ ግን ላክቴዝን ማብራትና ማጥፋት ነው። የቤትህ መብራት ማብሪያ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ተተክሎ ቢገኝ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የፊንላንድ ተመራማሪዎች በዚህ ቦታ፣ ከላክቴዝ ዘረመል መነሻ ወደ ኋላ ሲቆጠር በ13,910ኛው ተራ ላይ፣ ሲ የነበረው ፊደል በቲ የተተካላቸው ሰዎች አዋቂ ሆነውም ወተት እንደሚፈጩ አሳዩ።

ለሰሜን አውሮፓ ነገሩ በዚህ ተፈታ። ለእኛ ግን አልተፈታም ነበር፤ ያ የቲ ፊደል በምሥራቅ አፍሪካ ወተት ጠጪዎች ዘንድ ሲፈለግ እንደ አውሮፓው አልተገኘምና። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳራ ቲሽኮፍ የመሩት ቡድን በኬንያ፣ በታንዛኒያና በሱዳን ባደረገው ጥናት በዚያችው ማብሪያ ላይ ሌሎች ለውጦችን አገኘ፤ በ14,010፣ በ13,915 እና በ13,907 ተራዎች ላይ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ የተሳተፉበት የኢትዮጵያ ጥናት ወጣ። በአገራችን ወተት የሚፈጩ ሰዎች ያቺን ቦታ የሚያበሩባቸው ለውጦች አንድ ብቻ ሳይሆኑ በርካታ መሆናቸውን፣ ከእነሱም አንዱ በ14,009ኛው ተራ ላይ እንደሚገኝ አሳየ። ከ13,907 እስከ 13,915 ያለው ርቀት ስምንት ፊደል ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ስፍራ ላይ ከብት፣ ግመልና ፍየል ያረቡ ሕዝቦች በየራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ውጤት የሚሰጥ ለውጥ ማግኘታቸውን ባነበብኩበት ቀን ለብዙ ሰዓት ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። 26 ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ውስጥ እንዲህ ያለ ምሳሌ ቢኖረኝ ኖሮ ክፍሉን ሁሉ አስቀምጬ እሱን ብቻ እተርክላችሁ ነበር።

ከእነዚህ ለውጦች አንዱን ከእናት ወይም ከአባት በአንድ ወገን ብቻ መውረስ ይበቃል። አባትህ ወተት ሳይጠጡ አሬራ ይወዱ ነበር ብለሃል፤ እሳቸው ለውጡ ያልነበራቸው ይመስላል። እናትህ ትጠጣ እንደሆነ አልጻፍክልኝም፤ ወንድምህ የሚፈጨው ግን ከአንዳቸው ወርሶ መሆን አለበትና ከእሷ ነው ብዬ እገምታለሁ። እናትህ ለውጡን ከሁለት ክሮሞሶሞቿ በአንዱ ብቻ ከያዘች ለእያንዳንዱ ልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ እኩል በእኩል ነው። ለወንድምህ ያኛው ክሮሞሶም ደረሰው፤ ለአንተ ሌላኛው። ከአንድ ማህፀን ወጥታችሁ፣ ከአንድ ላም ጠጥታችሁ የተለያያችሁት በዚህ ነው።

ግን «እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ድረስ እንደ እሱ ነበርኩ» ያልከው ይቀራል፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። የዲኤንኤ ፊደልህ ከተፀነስክበት ቀን ጀምሮ አልተለወጠም። ታዲያ በሕፃንነትህ በርቶ የነበረውን ማን አጠፋው?

በመንዝ አብያተ ክርስቲያናት ያረጀ የብራና መጽሐፍ አይተህ ይሆናል። ፊደሉ ደምቆ ይታያል፤ አልተፋቀም። ነገር ግን ሌሊት ሌሊት ሲነበብበት የጧፍ ሰም እየተንጠባጠበበት ተጣብቀው የማይገለጡ ገጾች አሉት። ጽሑፉ አለ፤ አንባቢው ግን ሊደርስበት አይችልም። በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል። ሜቲል የምትባል፣ ከአንድ ካርቦንና ከሦስት ሃይድሮጅን የተሠራች ትንሽ ቁራጭ ዲኤንኤው ላይ ትለጠፋለች። ፊደሉን አትቀይረውም፤ እንዳይነበብ ታደርገዋለች። ፊደል ሳይለወጥ ንባቡ የሚለወጥበትን መንገድ የሚያጠናው ዘርፍ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በካናዳ ቶሮንቶ አርቱራስ ፔትሮኒስ የመሩት ቡድን የሰውና የአይጥ አንጀት መርምሮ ይህን በላክቴዝ ላይ አሳየ። የድሮውን ሲ ፊደል በያዙት ሰዎች ዘንድ ማብሪያዋና በዙሪያዋ ያሉት ቦታዎች ዕድሜ ሲጨምር ሜቲል እየተለጠፈባቸው፣ ላክቴዙም እየተዘጋ ይሄዳል። ቲ በያዙት ዘንድ ያ ምልክት አይከማችም፤ ገጹ እንደተገለጠ ይቆያል። ሰሙ እንዲንጠባጠብ የሚፈቅደው የወረስከው ፊደል ነው፤ የሚያንጠባጥበው ደግሞ ዕድሜ ነው።

ሰሙ በአንድ ሌሊት አይፈስም። ላክቴዝ ጡት ከተጣለ በኋላ ባሉት ዓመታት ቀስ እያለ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ከሕፃንነቱ 10 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሊቀር ይችላል። ሰውየው የሚያውቀው ሆዱ መናገር ሲጀምር ነው። ለአንተ ያ ጊዜ ለትምህርት ከቤት ከወጣህበት ጊዜ ጋር ተቀራረበና እናትህ ከተማውን ከሰሰች። ሞላሌ ብትቀርም በዚያው ዕድሜ ይመጣብህ ነበር።

ስለ ጾም ሳላነሣ አላልፍም፤ የአገራችን ነገር ያለ እሱ አይገባም። ላክቴዝ ያነሰው ሰው ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ በፋሲካ ጠዋት አንድ ዋንጫ ወተት ቢጠጣ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ሊታመም ይችላል። ላክቴዙ በጾሙ አልቀነሰም፤ የተለወጡት የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ላክቶስ ሲደርሳቸው ብዙ ጋዝ ሳያወጡ የሚፈጩት ዓይነቶች ይበዛሉ፤ ሲቋረጥባቸው ልምምዱ ይጠፋል። በአገራችን በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ የተደረገ ጥናትም ላክቴዛቸው ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ በየቀኑ ብዙ ወተት እየጠጡ የማይታመሙ ብዙ ሰዎች አግኝቷል። ስለዚህ ጾሙ ሲፈታ በግማሽ ስኒ ጀምር፤ ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር ይሁን፤ በባዶ ሆድ አይሁን። በአንድ ሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያልክ ጨምር። አብዛኛው ላክቴዝ ያነሰው ሰው አንድ ኩባያ ያህል ያለ ብዙ ችግር ሊወስድ ይችላል፤ ዋንጫውን ግን ለወንድምህ ተውለት።

ከሁሉ የሚሻልህ የአባትህ መንገድ ነው። ወተት በታጠነ ዕቃ ውስጥ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ የላክቶሱን ከፊል ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ እርጎው የሚኮመጥጠውም ለዚህ ነው። የቀረውን ደግሞ አንተ ስትጠጣው አብረውህ የሚገቡት ባክቴሪያዎች በራሳቸው ኢንዛይም አንጀትህ ውስጥ ይነጥሉልሃል። እርጎ ተንጦ ቅቤው ሲወጣለት የሚቀረው አሬራም ከትኩስ ወተት የቀለለ ነው። አባትህ ይህን ከማንም ሳይማሩ ሆዳቸውን ሰምተው አወቁ።

ልጅህን በተመለከተ፣ በወተት አታስገድዳት፤ እህቴን አስብልኝ። እናቷ ወተት የሚስማማት ከሆነች ልጅቷም ለውጡን ከእሷ ወርሳ ሊሆን ስለሚችል «የአባቷ ነገር ነው» ብለህ አትደምድም። በዘጠኝ ዓመት ዕድሜ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያንም፣ በተለይ ጃርዲያ፣ ላክቴዝን ለጊዜው ሊቀንሱ ይችላሉ። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ወስደህ ሰገራዋን አስመርምር። ክብደቷ ካልጨመረ፣ ሌሊት ከእንቅልፏ የሚቀሰቅስ ሕመም ካላት፣ ወይም ሰገራዋ ላይ ደም ካየህ ግን በወተት አታሳብብ፤ ቶሎ ሐኪም ይያት።

ለእናትህ ይህን ሁሉ መተረክ አያስፈልግህም። «እማዬ፣ ሆዴ የአባቴ ነው፤ ወተቱን አርግተሽ ስጪኝ» በላት። እርጎም እኮ የእሷው እጅ ነው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው የምጽፈው። ውጭ አገር የምትኖረው ልጄ ምራቋን ልካ የዘር ምርመራ አስደርጋ ነበር። ውጤቱ ላይ «ወተት መፍጨት አትችይም» የሚል መጣላት። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ወተት ትጠጣለች፤ ዛሬም በየቀኑ ትጠጣለች፤ አንድም ቀን አሟት አያውቅም። አሁን ግን ፈርታ ተወችው። ትተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ደብዳቤ አናደደኝ፤ የተናደድኩት በልጅሽ አይደለም። ከላይ ለሞላሌው ልጅ የጻፍኩትን አንብቢው። እንዲህ ያሉ የንግድ ምርመራዎች ብዙ ጊዜ የሚያዩት በ13,910ኛው ተራ ላይ ያለውን የአውሮፓውን ፊደል ብቻ ነው። እሱን ያላገኙበትን ሰው «አትችልም» ብለው ይጽፋሉ። የኢትዮጵያ ሰው ግን ሦስት ፊደል አልፎ በ13,907፣ አምስት ፊደል አልፎ በ13,915፣ ወይም ራቅ ብሎ በ14,009 ላይ ለውጥ ይዞ ወተቱን በሰላም ሊፈጭ ይችላል። ምርመራው በሩን አንኳኩቶ ሰው የለም ብሎ ሄደ፤ ሰውየው ግን በጓሮ በር በኩል ይኖር ነበር።

ለልጅሽ ንገሪያት፤ ከወረቀቱ ይልቅ ሆዷን ትመን። ማረጋገጥ ከፈለገች ላክቶስ አጠጥተው ትንፋሽ የሚለኩበትን ምርመራ እዚያው ታስደርግ፤ እሱ የሚለካው ሥራውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ምርመራውን ለሸጠላትም ትጻፍለት፤ የትኞቹን ፊደሎች እንዳየ ይንገራት። የአባቶቿ አገር ሰዎች ፊደል ሳይታይ የተሰጠ መልስ ለእሷ መልስ አይሆናትም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሸዋ ሮቢት ነው። የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጄ ለአንድ ሳምንት ተቅማጥ ይዞት ነበር። አሁን ተሽሎታል፤ የላም ወተት ስሰጠው ግን እንደገና ያስቀምጠዋል። ጎረቤቶቼ «ጡቱንም አስጥይው፤ ወተት ጠልቷል» ይሉኛል።

መልስ፦ ጡቱን እንዳታስጥይው። የእናት ጡት ወተት ከላም ወተት የበለጠ ላክቶስ አለው፤ ወደ 7 በመቶ። እንዲያም ሆኖ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከጡት የተሻለ ምግብ የለም። የልጅሽ ነገር ከላይ ካወራነው ይለያል፤ በእሱ ዕድሜ ዘሩ ገና ላክቴዙን አልዘጋበትም። ላክቴዝ የሚቀመጠው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ባሉት ጣት መሰል ትንንሽ ቅንጣቶች ጫፍ ላይ ነው። ኃይለኛ ተቅማጥ ያንን ጫፍ ይልጠዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ይበቅላል፤ ወተቱም ይመለሳል። እስከዚያው የላም ወተቱን ቀንሺለት፤ ጡትሽን አዘውትሪለት፤ ገንፎውንና አጥሚቱን አታቋርጪበት። ተቅማጡ ከተመለሰ ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ ከጤና ጣቢያ ውሰጂ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ደም ካየሽበት፣ ወይም ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላው በዚያው ቀን ይዘሽው ሂጂ።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር የምጽፍ የ72 ዓመት ሰው ነኝ። በእኛ ዘመን ወተት ያማል ሲባል አልሰማንም። የድሮ ሰው እንዴት ቻለው? ደግሞስ ማፍላት አይበቃም? የፍየልስ? ባለቤቴ አይብ ይስማማታል፤ አጓቱን ስትጠጣ ግን ሆዷን ይነፋታል፤ ይህስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ በእርስዎም ዘመን ነበረ፤ እንደ እህቴ ያለው ሰው ወደ ጓሮ ስለሚሄድ ነው ያልተሰማው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት በጥንታዊ ሸክላዎች ውስጥ የቀረውን የወተት ስብ መርምሮ በአውሮፓና በአካባቢዋ ሰዎች ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ወተት ይጠቀሙ እንደነበር አሳይቷል። ላክቴዝን የሚያቆየው ፊደል የበዛው ግን ከዚያ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ነው። በመካከሉ የነበረው አብዛኛው አዋቂ ላክቴዙ አንሶ ሳለ ወተት ይጠጣ ነበር፤ ሆዱን ቢነፋውም ይኖር ነበር። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ክፉ ቀንን የሚመለከት ነው። ለጠገበ ሰው የወተት ተቅማጥ ማስቸገር እንጂ መግደል አይሆንለትም፤ በረሃብና በወረርሽኝ ለተጎዳ ሰው ግን ያው ተቅማጥ ሊገድል ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወተት የሚፈጩት ተርፈው ዘራቸው በዛ ማለት ነው። ስለ ክፉ ቀን ለእርስዎ ትውልድ እኔ አልነግርም።

ማፍላት ላክቶስን አያጠፋውም። ያፍሉት እንጂ፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን የከብት በሽታና የላም ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ስለሚችል መፍላት አለበት፤ ለመነፋት ግን አይረዳዎትም። የፍየል ወተትም ላክቶሱ ከላም ብዙ አያንስም። ቅቤ ከሞላ ጎደል ስብ ብቻ ነው፤ ከነጠረ በኋላ ደግሞ ላክቶስ የለውም ማለት ይቻላል። የሸኖ ቅቤ ማንንም በዚህ ምክንያት አያሳምምም።

የባለቤትዎ ነገር ግልጽ ነው። አሬራው እሳት ላይ ሲሞቅ የሚሰበሰበው ነጩ ፕሮቲን ነው፤ አይቡ ያ ነው። ላክቶስ ግን በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ከውኃው ጋር ይሄዳል፤ ውኃው ደግሞ አጓቱ ነው። እሳቸው አይቡን ሲበሉ ከስኳሩ ጥቂቱን፣ አጓቱን ሲጠጡ ግን አብዛኛውን ይወስዳሉ። አጓቱን ለውሾቹ ወይም ለጥጃው ይስጡት። አይቡን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው እስከ ማታ ያንጠልጥሉት፤ መንጠባጠቡን ሲያቆም ያውርዱት፤ ያን ጊዜ ለሳቸው ይሆናል።